የአባን ጥምጣም ያራሰው አዲሱ ቧንቧዬ

ዛሬ በምሳ ሰዓት፣ በገዛ ቤቴ፣ የነፍስ አባታችንን ከጥምጣማቸው እስከ ጋቢያቸው አራስኳቸው።

አባ አዲሱን ቤታችንን ጸበል ሊረጩልን ከሮብ ገበያ ድረስ መጥተው ነበር። ምሳ ሲቀርብ እናቴ እጃቸውን ልታስታጥብ ጆግና ሳፋ ይዛ ተነሣች።

"ተይው እማዬ፣ ይኼ ድሮ ቀረ!" አልኩና አባን ወደ ኩሽናው ቧንቧ ወሰድኳቸው። ማርቆስ ውስጥ ቧንቧ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ!

ቧንቧው በጎኑ የመርጫ ጎማ አለው። የጎማው መጫኛ ከተጫነ ውኃው በዋናው አፍ መውረዱን ትቶ በጎማው ይወጣል። ጠዋት ውኃ ጠፍታ ሳለ ስነካካው መጫኛውን እንደተጫነ ቆልፌ ረስቼዋለሁ።

ትንሽ ስከፍተው ከአፉ ጠብ የሚል የለም። "ዛሬም ጠፋች" ብዬ እስከ መጨረሻው አዞርኩት። ጎማው ከተቀመጠበት ተፈናጥሮ የሆነው ሆነ።

አባ ፊታቸውን ጠረጉና ሁለት እጃቸውን ወደ እናቴ ዘረጉ።

"ነይ ልጄ፣ አንቺው አስታጥቢኝ።"

እናቴ ቀስ ብላ አስታጠበቻቸው። እኔ እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ወለሉን ስወለውል ቀና ማለት አቃተኝ።

በእንግዳ ፊት እናታችሁን "ድሮ ቀረ" ያላችሁ ካላችሁ፣ እስኪ ጻፉልኝ። ብቻዬን አልፈር።