ሽታ የሌለው እጅ

ሽማግሌው ቀበሮ አጥማጅ ሳሙና አይነካም። መሬት ላይ የሚጥሉ ቆቆችን እንቁላል የለመደች ቀበሮ፣ ሳሙና ሳሙና የሚሸት ወጥመድ አትጠጋማ! በቆቆቹ ጥብቅ ስፍራ በር ላይ ዘበኛዋ የሽማግሌውን የምሳ ዕቃ በእጇ መዝና ሳቀች።

«አባባ፣ ሰሞኑን ምሳዎ ከበደሳ!»

«እርጅና ሆዳም ያደርጋል፣ ልጄ።»

እሱ ግን ካለፈው ሰኞ ወዲህ እህል ከጉሮሮው አልወርድ ብሎታል። ያን ዕለት ወጥመዱ የያዛት ቀበሮ ጡቷ ወተት ያንጠባጥብ ነበር። ገደላት፤ ቆቆቹን ከቀበሮ መጠበቅ ሥራው ነው።

ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር ተንበርክኮ ሥጋ የሞላበትን የምሳ ዕቃ ከፈተ። እናታቸው የሞተችባቸው ሦስት የቀበሮ ቡችሎች ከጉድጓዳቸው ወጥተው ሥጋውን ጨረሱና እጁን ይልሱ ጀመር። ከኋላው አንዲት ቆቅ ጫጩቶቿን ትጠራለች፤ ዞሮ ሊያያት አልደፈረም።