ፊሽካ ሳይነፋ የቆመው ተከላካይ

ኳስ የወንድ ነገር ነው የሚለኝ ሰው ዛሬም አይጠፋም። ይበል። በደርግ ዘመን መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ ሻይ ቤት ከፍቼ ስኖር ከእኔ ይበልጥ ኳስ ያየ ወንድ ካለ ይምጣና እንከራከር። ባሌን ፈትቼ ከገጠር ወጥቼ፣ የደብረ ታቦሩ አውቶቡስ ከሚቆምበት አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። ታናሽ ወንድሜ እኔ ዘንድ ሆኖ ይማራል፤ ለከተማው ቡድንም ተከላካይ ነበር፣ ስቶፐር የሚሉት። የኳስ ፍቅር የያዘኝ የእሱን ማልያ ሳጥብ ነው።

አሰልጣኙ የትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህር ነበር። ከሸዋ ተመድቦ የመጣ፣ ቀጭንና ዝምተኛ ሰው። እኩዮች ስለነበርን አንተ እለዋለሁ። እኔና እሱ የምንጣላው ባጨዋወት ነው። እሱ ኋላውን ሞልቶ፣ ፊት ላይ አንድ ልጅ ብቻ ትቶ፣ ኳስ ከላይ እንዲጣልለት ያደርጋል። ያ ምስኪን አጥቂ እናቱ እንደጠፋችበት ጥጃ ብቻውን ሲባዝን ይውላል። ጠዋት ሻይ ሊጠጣ ሲመጣ አልምረውም ነበር።

«መምህር፣ ስኳሩንም እንደ አጥቂህ አንድ ብቻ ላድርገው?» እለዋለሁ።

ሻይ ጠጪው ይስቃል። እሱ ብርጭቆውን እያማሰለ፣ «አንቺ ኳስ ታውቂያለሽ፣ ሜዳችንን ግን ረስተሽዋል። ሽቅብ እየሮጠ የሚያጠቃ ልጅ ከእረፍት በኋላ ምን ጉልበት ይኖረዋል?» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ሜዳችን ወደ ወንዙ ያዘነበለ ነበር። ግን እሺ አላልኩትም። እኔ መቼም ለክርክር ከተነሳሁ ቶሎ አልቀመጥም።

ልምምድ ላይ እየደጋገመ የሚላቸው አንድ ነገር ነበር። «ሜዳ ውስጥ ሕጋችሁ ፊሽካ ነው። ፊሽካ ካልሰማችሁ ሰማይ ቢደፋ አትቁሙ።» እኔ ይህንንም አሾፍኩበት። ይህን ለመንገር ደሞዝ ይከፈላል እንዴ፣ ይህንንማ ሕፃን ያውቀዋል እል ነበር። አለማወቄ ነው። የሚያውቁት መስሎኝ ነበር።

ያን ዓመት የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ በርትቶ ነበር። ወንድሜ ዕድሜው ደርሷል፣ ቁመቱም ከሩቅ ይታያል። እንቅልፍ አልነበረኝም። በመካከሉ የቀበሌው ሊቀመንበር በስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ ቡድናችን ጥሎ ማለፉን አሸንፎ ጎንደር ለክፍለ ሀገሩ ውድድር ከሄደ፣ ተጫዋቾቹ በዚህ ዙር እንደማይነኩ ተናገረ። ሰው አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። የቀረን አንድ ጨዋታ ነበር፣ ከጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ልጆች ጋር፣ ያውም በሜዳችን። ካሸነፍን ወንድሜ ቤቱ ይቀራል። ከተሸነፍን ይሄዳል።

ይህንን ገጠር ላሉት አባቴ በሰው ላክሁላቸው። አባቴ ገብስና ባቄላ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው፤ ከዚያ በላይ ግን የአገር ሽማግሌ ናቸው። ደም የተቃባ ሰው ሳይቀር ያስታርቁ ነበር። እኛ አገር ዱላ ተነስቶ አንድ ሰው «በሕግ አምላክ» ካለ፣ ያነሳውም የተነሳበትም ባሉበት ይቆማሉ። እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይባላል። ከዚያች ቃል በኋላ የተንቀሳቀሰ ሰው፣ በነገሩ እውነት ቢኖረው እንኳ ጥፋተኛ ነው። አባቴ ይህችን ቃል ሲሏት ማዶ ያለው ሁሉ ይሰማል። እቤትም ስንጣላ ይሏት ነበር። ወንድሜ ገና ትንሽ ሆኖ አንድ ቀን ሊመታኝ ያነሳውን ልምጭ፣ ቃሏን ሲሰማ እንዳነሳ ቀርቶ፣ «አውርደው» እስኪሉት ድረስ ሲጠብቅ አይቼዋለሁ።

የጨዋታው ዕለት አባቴ በማለዳ ተነስተው በእግራቸው መጡ። ኳስ አይተው አያውቁም። ከበረኛችን ጀርባ ከከተማው ሽማግሎች ጋር አቆምኳቸው።

«ያ ጥቁር የለበሰው የማን ወገን ነው?» አሉኝ።

«ዳኛ ነው አባባ። የማንም ወገን አይደለም። ከደብረ ታቦር ነው የመጣው።»

«ሁለቱም ወገን ተስማምቶበታል?»

«አልተጠየቅንም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያልመረጡት ዳኛ መቼም አያስተማምንም» አሉ። ያን ጊዜ ሳቅኩ።

ጋይንቶች ጎበዞች ነበሩ፣ ምን ይደረግ። በጭነት መኪና ላይ ሲንገላቱ የመጡ አይመስሉም። ከሁሉም አንድ አጥቂ ነበራቸው፣ አባቱ በመንግሥት ሥራ ከአዲስ አበባ ተዛውሮ አርብ ገበያ የገባ ልጅ። ኳስ እግሩ ሥር ስትገባ አትወጣም። ወንድሜ ግን አላላውስ አለው። በግራ ሲሄድ በግራ፣ በቀኝ ሲሄድ በቀኝ። እስከ እረፍት ዜሮ ለዜሮ። ከእረፍት በኋላ ጎል ሲቀያየሩ እኛም በረኛችንን ተከትለን ዞርን። መምህሩ የግራ ክንፋችንን አስወጥቶ ሌላ ተከላካይ አስገባ። ጨዋታው ዜሮ ለዜሮ አልቆ በሪጎሬ እንዲለይ ፈልጎ ነው፤ በረኛችን ሪጎሬ ላይ የታወቀ ነበር። እኔ ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። ዛሬ ሳስበው ግን የሱ ሐሳብ መጥፎ አልነበረም። ያ ነገር ባይመጣ ኖሮ ወደ ሪጎሬው ደርሰን ነበር።

ሊያልቅ ሲል ነው። ከወዲያኛው ጫፍ ኳስ ለዚያ ለአዲስ አበባው ልጅ ተጣለችለት። እሷን ይዞ ወደ ጎላችን ሲመጣ፣ እዚያው ጫፍ ላይ የኛ አጥቂና የነሱ ተከላካይ ተያያዙ። ቡጢ ተሰነዘረ። በዚያ በኩል የነበረው ተመልካች ዱላውን ይዞ ወደ ሜዳው መግባት ጀመረ። ዳኛው ኳሷን ተከትሎ ሲሮጥ ጀርባውን ሰጥቷቸዋል። አባቴ ኳሷን አላዩም። እሳቸው ያዩት ደም ሊፈስ መሆኑን ነው።

«በሕግ አምላክ!»

የሚደባደቡት እጃቸውን አወረዱ፣ ዱላ የያዘውም ቆመ። የኛ ልጆች ቆሙ፣ ከጋይንቶቹም የሚበዙት ቆሙ። ወንድሜ ከአጥቂው አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም ነበር። እግሩን ዘርግቶ ኳሷን ሊነጥቅ ሲል ነው የሰማው። እግሩን ሰበሰበ። ሁለት እጁን ወደ ታች ለቆ፣ ዓይኑን ወደ አባቴ አቅንቶ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። የአዲስ አበባው ልጅ ቃሏን ሰምቷል፣ ምን እንደምትጠይቅ ግን ያስተማረው የለም። በቆሙት መካከል አልፎ ኳሷን አስገባት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ክርክር እስከ ዛሬ ያስቀኛል፣ ያበሽቀኛልም። ሽማግሎቹ ሜዳ ገብተው ዳኛውን ከበቡት። «በሕግ አምላክ ተብሎ የገባ ጎል እንዴት ይጸድቃል?» ይላሉ። ከጋይንት የመጡ ሽማግሎችም ነውር ነው ብለው ከኛ ጋር ቆሙ። ዳኛው፣ «እኔ ፊሽካ አልነፋሁም» አለ። ትክክል ነበር። ጎሉ ጸደቀ፣ ጨዋታው አለቀ።

ሻይ ቤቴ ውስጥ ስንት ሰሞን ይህ ብቻ ተወራ። ግማሹ መምህሩን ረገመ፤ ክንፉን ባያስወጣ ኳሷ እዚያ ድረስ አትመጣም ነበር አለ። ግማሹ ወንድሜን ሞኝ አለው። አንዱ ደግሞ አባቴ በር ላይ ተቀምጠው እያሉ፣ «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» ብሎ ተረተባቸው። ያን ሰው ያልጨረሰውን ሻይ ነጥቄ ደፋሁበትና አስወጣሁት። ሁለተኛ አልመጣም፣ ደግ አደረገ።

ስለ መምህሩ ያለኝ ሐሳብ የተለወጠው ያኔ ነው። ማንም ሳይልከው ቀበሌ ሄዶ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጁን ተዉልኝ» ብሎ ሊቀመንበሩን ለመነው። አልሰሙትም። ተመልሶ እኔ ዘንድ ተቀመጠ፣ ሻዩንም አልነካውም።

«ሰማይ ቢደፋ አትቁሙ አልኳቸው። እዚህ አገር ሰው ምን ሲሰማ እንደሚቆም ግን አንድ ቀን አልጠየቅኋቸውም» አለኝ።

አሰልጣኝ እግር ብቻ የሚያሠለጥን ይመስለን ነበር። ልጁ ግን ሜዳ የሚገባው አስተዳደጉን ይዞ ነው። እሱን የማያውቅ አሰልጣኝ ስንት ዘዴ ቢያወጣ ዘዴው አንድ ቀን ሜዳ ላይ ይከዳዋል። እኔ ደግሞ አስተዳደጉን የማውቅ እህቱ፣ ሥራዬ ማሾፍ ብቻ ነበር።

ወንድሜን የወሰዱት እህል ሳይገባ ነው። አባቴ ከመኪናው አጠገብ ቆመው ነበር። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

«አባባ፣ የቆምኩት እኔ ነኝ። እርስዎ አላቆሙኝም» አላቸው።

አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽምግልና ተዉ። ሰው ተጣልቶ ሲጠራቸው፣ «አፌ ልጄን በልቶታል፤ ሌላ ፈልጉ» ብለው ይመልሱት ነበር። ወሰን የተጋፉ ጎረቤቶች እደጃቸው ተፈነካክተው እንኳ አባቴ ደመና እንደሚያይ ሰው ቀና ብለው ዝም አሉ። ያ እኔን ከጎሉ ይበልጥ አንገበገበኝ። አባቴን አባቴ ያደረገቻቸው ያቺ ቃል ነበረች።

ወንድሜ በሕይወት ተመለሰ፣ እግዜር ይመስገን። ግን ቀኝ ጉልበቱን ጦር ሜዳ ተመትቶ አይታጠፍም፣ ያለ ከዘራ አይሄድም። አባቴ ሲያገኙት አንገቱን አቅፈው ፊቱን ሳሙት፤ ወደ እግሩ ግን አላዩም። አብረው ሲበሉም ሲያወሩም ከወገቡ በታች የሌለ ያህል ነበር። እሱም ስለዚያ ቀን አያነሳም። እኔ ምላሴ ሲበላኝ ከርሞ ዝም አልኩ። ዝም ማለት ለእኔ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ወንድሜ በተመለሰ በዓመቱ ጋይንቶች ለጥሎ ማለፍ እንደገና መጡ። መምህሩ አሁንም አለ፤ ፊት ላይ ግን ሁለት አጥቂ ማሰለፍ ጀምሯል፣ ይህ በእኔ ክርክር ነው ብዬ አምናለሁ። ወንድሜ ገጠር ድረስ በበቅሎ ሄዶ አባቴን ይዟቸው መጣ። እምቢ ብለውት ነበር። «እኔ ሳልጫወት ቆሜ የማየው አብረውኝ ከሆኑ ነው» ብሎ አሳመናቸው። እዚያው ከጎሉ ጀርባ ሦስታችን ቆምን።

ጨዋታው እንደሞቀ አንድ ፋውል ላይ ግፊያ ተነሳ። ከተጫዋቾቹ አልፎ ወደ ተመልካቹ ገባ፣ ዱላም ተነሳ፣ እንዲያውም ይህኛው ከፊተኛው የከፋ ነበር። ሽማግሎቹ ሁሉ ዞረው አባቴን አዩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣም። እጄን ያዙኝ።

ከዚያ ከጎኔ፣ «በሕግ አምላክ!» ሲባል ሰማሁ። አባቴ የተናገሩ መስሎኝ ዞርኩ። ወንድሜ ነው። ከዘራውን መሬት ላይ ተክሎ፣ ያን የማይታጠፍ እግሩን ወደፊት አድርጎ ቆሟል። ዱላው ሁሉ ባለበት ቀረ። ተጫዋቹም ቆመ፣ ዳኛውም ፊሽካውን አፉ ላይ እንደያዘ ቆመ።

አባቴ ያኔ እግሩን አዩት፣ ከተመለሰ ጀምሮ ገና ያን ቀን። ጎንበስ አሉና ጉልበቱን ሳሙት። አባት የልጁን ጉልበት ሲስም እኛ አገር ታይቶ አይታወቅም። ወንድሜ፣ «ኧረ ተዉ አባባ፣ ሰው ያያል» እያለ ሊያነሳቸው ይታገላል፤ እሳቸው አይነሱም። ሰዉም ተጫዋቹም ገና እንደቆመ ነው፤ ቃሏን ያለው ሰው ካልለቀቀው አይንቀሳቀስማ። በመጨረሻ ወንድሜ አባቴን በአንድ እጁ እንደደገፈ ቀና አለና፣ «በሉ ተጫወቱ» አላቸው።

የዚያን ዘመን ጨዋታ ሁሉ፣ ማን አገባ፣ ማን ሳተ፣ ማን ተቀየረ ብትሉኝ እነግራችኋለሁ። ያን ቀን ማን እንዳሸነፈ ግን አላውቅም።