«ይህች ልጅ የማን ናት?»

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። ሰው ሁሉ «እርሺው፣ አለፈ እኮ» ይለኛል። አላለፈም። ዛሬም ስልኬ ጢን ባለ ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ የምጽፍላችሁም ንዴቱ ስላልወጣልኝ ነው።

የምኖረው አውስትራሊያ፣ ሜልበርን፣ ሰንሻይን ሰፈር ነው። ላቨርተን ኖርዝ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ በማሸግ እሠራለሁ። ሶስና የምትባል የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አለችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ የቸርቻችን ሰዎች በከፈቱት የአማርኛ ትምህርት ቤት ትማራለች። በአማርኛ ሳወራት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ፤ ቢሆንም ቅዳሜን ወድዳው ነበር የምትሄደው።

ትምህርት ቤቱ የወላጆች ግሩፕ አለው። ስለ ሰዓት ለውጥና ስለ መክሰስ ተራ ልንነጋገርበት ነበር የተከፈተው። አሁን ግን የሌለበት ሰው የለም፤ ልጅ የሌላቸውም ሁሉ ገብተውበታል።

አንድ ሐሙስ ለምሳ ዕረፍት ወጥቼ ስልኬን ስከፍት ግሩፑ በመልእክት ተጥለቅልቋል። ወደ ላይ ገፋ ገፋ ሳደርግ የልጄን ፎቶ አየሁት። የመደበኛ ትምህርት ቤቷን ዩኒፎርም እንደለበሰች ፉትስክሬይ ባቡር ጣቢያ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ከጎኗ አንድ ወንድ ልጅ አለ፤ አንድ የጆሮ ማዳመጫ ለሁለት ተካፍለው ይስቃሉ። ከሥሩ «ይህች ልጅ የማን ናት? ወላጆች እንንቃ! ጌታ ልጆቻችንን ይጠብቅልን» ተብሎ ተጽፎበታል።

የለጠፉት እትዬ አስካለ ናቸው፤ የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ አባል። የማን ልጅ እንደሆነች አሳምረው ያውቃሉ! ቅዳሜ በር ላይ ጉንጯን ስመው የሚያስገቧት እሳቸው ናቸው።

ከሥር ያለው ደግሞ የባሰ ነበር። አንዱ «ወይ ዘመን» ይላል፣ ሌላዋ ልጁ የየት አገር ሰው እንደሚመስል ትገምታለች፣ ሌላው ስሙን ለማወቅ ይጠይቃል።

እዚያው ቆሜ ለእትዬ አስካለ ደወልኩ።

«እትዬ አስካለ፣ እባክዎን ፎቶውን ያጥፉት።»

«ምነው ልጄ፣ ለአንቺው ብዬ እኮ ነው። አንቺ ሺፍት ላይ ነሽ፣ የሚያይልሽ የለም። አገር ቤት ቢሆን ጎረቤት አይቶ ዝም ይላል? ደግሞ ስሟን እኮ ሸፍኜላታለሁ።»

ስሟን ሸፍነው ፊቷን አሳዩልኝ! አገር ቤት እኮ ጎረቤት ልጅቷን «ነይ እስቲ» ብሎ ይጠራታል። ከባሰም ለእናቷ ሹክ ይላል። ሰፈሩን ሰብስቦ «የማን ናት?» እያለ አያዞራትም።

ፎቶውን አጠፉት። የፈሰሰ ውሃ ግን አይታፈስም። ማታ ቤቴ ሳልደርስ እህቴ ከአዲስ አበባ ደውላ «ሶስና ምን ሆነች?» አለችኝ። ፎቶው እኔን ቀድሞ እዚያ ደርሷል። ዩኒፎርሟ ላይ የትምህርት ቤቷ ስም በግልጽ ይነበባል፤ የት እንደምትማርና ከየትኛው ጣቢያ እንደምትሳፈር ማንም ክፉ ሰው ሳይለፋ ሊያውቅ ይችላል። ይህ «እንንቃ» ካሉት ውስጥ ለአንዳቸውም አልታያቸውም።

ቤት ስገባ ሶስና ከጓደኛዋ ሰምታ ኖሯል። አላለቀሰችም። «ማም፣ ዩ ትረስት ሚ፣ ራይት?» ብቻ አለችኝ። ልጄ ታምኚኛለሽ ወይ ብላ እስክትጠይቀኝ ደረሰች። «አዎ» አልኳትና ወደ ኩሽና ሄጄ አለቀስኩ።

በዚያ ሳምንት ቅዳሜ በአማርኛ ትምህርት ቤቱ ቀደም ብሎ የተያዘ ፕሮግራም ነበር። ልጆቹ ስለ ኢንተርኔት ደህንነትና ስለ መከባበር ሊማሩ፣ እዚሁ ያደገች ሩት የምትባል መምህርት ተጋብዛለች። ሶስናን «ቅሪ» ብላት እምቢ አለች። ወላጆች ከኋላ ተቀመጥን። ፕሮግራሙን በጸሎት የከፈቱት ማን መሰሏችሁ? እትዬ አስካለ! «ልጆች፣ ኢንተርኔት ላይ ሰው አክብሩ፣ የሰው ስም አታጥፉ» ብለው መክረው ተቀመጡ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።

ሩት ጥሩ አድርጋ አስተማረች። መጨረሻ ላይ፣ «አንድ ሰው ሳያስፈቅዳችሁ ፎቷችሁን ቢለጥፍ ምን ታደርጋላችሁ?» ብላ ጠየቀች። ልጆቹ ትምህርት ቤታቸው ሲደጋገም የሰሙት ነው፤ «ለምናምነው ትልቅ ሰው እንናገራለን!» ብለው በእንግሊዝኛ ጮኹ።

ሶስና እጇን አወጣች። እሷም በእንግሊዝኛ ነው የተናገረችው፣ ግን ያልገባው ሰው አልነበረም።

«የለጠፈው ትልቁ ሰው ራሱ ከሆነስ?»

ሩት ነገሩን አታውቅምና ልትመልስላት አፏን ስትከፍት፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሼ ተፈራ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «መልካም፣ መልካም። የቀረውን በቤታችን እንነጋገራለን። አሁን ወደ ሻይ!» ሻዩ ገና አልፈላም ነበር።

ሶስና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። እኔም ተከተልኳት። መኪና ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን እያሰረች ከእንግዲህ ቅዳሜ እንደማትመጣ ነገረችኝ።

በማግስቱ ከቸርች መልስ ጋሼ ተፈራ እትዬ አስካለን ይዘው ለሽምግልና ቤቴ መጡ። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ብለው ጀመሩ። እትዬ አስካለ ተነሥተው «በጌታ ፍቅር፣ ይቅር በይኝ» እያሉ ሊያቅፉኝ እጃቸውን ዘረጉ።

«እኔን ምን አደረጉኝ?» አልኳቸው። «ፎቶው የእኔ አይደለም።» ሶስናን ከክፍሏ ጠራኋት።

ጋሼ ተፈራ ደነገጡ። «ልጅ እኮ ናት! ትልቅ ሰው ልጅን ይቅርታ ሲጠይቅ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ዛሬ አያለሁ።»

ሶስና መጥታ በሩ ላይ ቆመች። እትዬ አስካለ ወደ እሷ ዞሩ። እውነቱን መናገር አለብኝ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «ሶስናዬ፣ አጥፍቻለሁ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አሉ። ሶስና «ኢትስ ኦኬ» ብላ ጠጋ አለችና አቀፈቻቸው። እኔም ንዴቴ በረድ ሊል ምንም አልቀረውም ነበር።

ጋሼ ተፈራ ግን በደስታ ስልካቸውን አወጡ። «እንዲያው ትንሽ ወደ ብርሃኑ ዞር በሉልኝ! ያንን ያየ ሁሉ እርቁንም እንዲያይ ለግሩፑ ልልቀቀው።»

ብታስምሉኝ እምላለሁ፣ ይህንን ነው ያሉት። አፌን ሳልከፍት ሶስና መዳፏን ፊቷ ላይ ጋረደች።

«አልፈቀድኩም፣ ጋሼ» አለች። በአማርኛ፣ ጥርት አድርጋ።

ጋሼ ተፈራ ስልኩን እንዳነሡ ወደ እኔ ዞሩ። የእሷ ቃል አልበቃቸው ብሎ ከእኔ ፈቃድ መጠበቃቸው ነበር።

«እኔን ምን ያዩኛል?» አልኳቸው። «ነገረችዎት እኮ።»

ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ። ሻይ ጠጥተው ሄዱ።

ሶስና እስካሁን ወደ ቅዳሜው ትምህርት አልተመለሰችም፤ እኔም አላስገድዳትም። እትዬ አስካለን ይቅር ብያቸዋለሁ፣ እንሳሳማለን። ፎቶው ግን ዛሬ ስንት ሰው ስልክ ውስጥ እንደተቀመጠ አላውቅም፤ ይህን ሳስብ እበግናለሁ።

ባለፈው እሁድ ከቸርች ስንወጣ፣ ታሪኩን ሁሉ የምታውቅ አንዲት እህት ክንዴን ይዛ «እንዲያው ግን፣ ያ ልጅ ማን ነበር?» አለችኝ። ክንዴን መንጭቄ ሄድኩ። እናንተም ይህን ስታነቡ ያው ጥያቄ ሽው ብሎባችሁ ከሆነ፣ በእናንተም ተቆጥቻለሁ።