ስምንት የጎደለው ቁጥር

ጋምቤላ ክልል በሆነች ሰሞን አያቴ አዲሱ ቢሮ መዝገብ ቤት ይሠሩ ነበር። አማርኛን የተማሩት ካደጉ በኋላ ስለሆነ እኔን ሴት የልጅ ልጃቸውንም «አንተ» ነበር የሚሉኝ።

ከሥራ ሲመለሱ ከሰል አንስተው በራችን ላይ 12345679 ይጽፉና «አንተ፣ የትኛውን ቁጥር ትወዳለህ?» ይሉኛል። ሰባት ካልኩ ሰባትን በዘጠኝ፣ የመጣውን ስልሳ ሦስት ደግሞ በዚያ ቁጥር ያባዙታል። ዘጠኝ ሰባቶች ተሰልፈው ይወጣሉ።

አንድ ቀን ስምንትን የረሱት መስሎኝ በሰባትና በዘጠኝ መሃል ጻፍኩላቸው። ስናባዛው ሰባቶቹ መሃል ዜሮ ተሰነቀረ። አያቴ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«እሱ ስምንት ሄዷል፤ ተወው» አሉኝ። «ሲጎድል ነው የሚያምረው።»

ባለፈው ሳምንት ቀበርናቸው። ከማታር የመጡ ዘመዶቻችን በቋንቋችን አለቀሱ፤ የቢሮ ጓደኞቻቸው ደግሞ ባማረ አማርኛ «አይዞሽ» አሉኝ።

ሰዉ ሲሄድ በሩ ጋ ቆምኩ። ለመጨረሻ ጊዜ በከሰል የጻፉት ቁጥር አልጠፋም። በሰባትና በዘጠኝ መሃል ጣቴን አሳረፍኩ። ለቁጥሩስ ልክ ነበሩ አያቴ፣ ጎድሎም ያምራል። ቤታችን ግን አላማረበትም። አሁን ሁሉም ሰው «አንቺ» ይለኛል።