ኃይለየሱስ በእጁ የመዘነው ሪሲቨር

ኃይለየሱስ ንዴቱን ደብቆ አያውቅም። አብነት ሰፈር ባለችው ጠባብ ሱቁ ሃያ ዓመት ሙሉ ሬዲዮ፣ ቴፕና አምፕሊፋየር ጠግኗል፤ የተቃጠለ ዕቃ ይዞ የመጣውን ሁሉ መጀመሪያ ይቆጣዋል፣ ከዚያ ይሠራለታል። የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለት ሁሉ ሆም ቲያትር ካልገዛሁ ማለት ሲጀምር ደግሞ የሰፈሩ ሰው እሱን ሳያስከትል መርካቶ አይገባም ነበር። አመራረጡ አንድ ነው፤ ዕቃውን በሁለት እጁ ብድግ ያደርግና «ክብደት አይዋሽም!» ይላል። ከባድ ከሆነ ትራንስፎርመሩ ትልቅ ነው፤ ትራንስፎርመሩ ትልቅ ከሆነ ድምፁ አይደክምም።

እትዬ ቦሰና በሰፈሩ የቪዲዮ ቤት አላቸው። ድምፅ የሚያከፋፍለው አሮጌ ሪሲቨራቸው ሲሞትባቸው አዲስ አስመረጡት። እሱም መርካቶ ሦስት ሪሲቨር አነሳ፣ አስቀመጠ፣ ከባዱን መረጠ። በሳምንቱ እሑድ ከሰዓት፣ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ ሪሲቨሩ ጨሰ።

ሱቁ ወስዶ ሲከፍተው ትራንስፎርመሩ ቡጢ አያህልም። ጎኑ ላይ ግን ጡብ የሚያህል ሲሚንቶ በማስቲሽ ተለጥፏል። ደሙ ፈላ። ሲሚንቶውን ነቅሎ በብብቱ ሸጎጠና ሪሲቨሩን ወደሸጠላቸው አስመጪ ወደ ሙስአብ ሱቅ ከነፈ።

«ሪሲቨር ምን እንደሆነ ልንገርህ!» አለ ጡቡን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ። «ሺህ ዋት ብሎ ከጻፈ ሺህ የሚሰጥ ነው! መብራት ከፍ ዝቅ ሲል ራሱን አጥፍቶ የሚተርፍ ነው! ዲኮደሩንም ዲቪዲውንም ተቀብሎ በአንድ ገመድ ለቴሌቪዥኑ የሚያቀብል፣ አብሮት በሚመጣው ማይክ የክፍሉን ልክ ለክቶ ድምፁን የሚያስተካክል፣ የፊልሙ ተኩስ ሲያስተጋባ የሰውን ንግግር የማይውጥ! ሲበላሽም መለዋወጫ የሚገኝለት! ሲሚንቶ ብፈልግማ የግንባታ ዕቃ መሸጫ እሄድ ነበር!»

ሙስአብ አልተቆጣም። «ወላሂ ጋሼ፣ እንዳሉት ያለውን አምጥቼ ነበር። አዲሶቹ ቀላል ናቸው፤ ትልቅ ትራንስፎርመር አያስፈልጋቸውም። የመጣው ሁሉ አንድ ጊዜ ያነሳና ‹ኃይለየሱስ ቀላል አትግዙ ብሏል› እያለ ጥሎኝ ይሄዳል። ዕቃው ዓመት ተቀመጠብኝ። በመጨረሻ ርካሹን አዘዝኩና ፋብሪካውን ክብደት ጨምሩልኝ አልኩ፤ ጨመሩልኝ።»

የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ! ኃይለየሱስም ይህንኑ ሊለው ቃጥቶት ነበር። ግን እነዚያን ደንበኞች በስም ያውቃቸዋል፤ እያነሱ መምረጥን ያስተማራቸውም ራሱ ነው። ንዴቱ አልበረደለትም፤ ወደ ራሱ ዞረ እንጂ። ጡቡን አንስቶ ወጣ።

እትዬ ቦሰናን ባዶው የቪዲዮ ቤታቸው በር ላይ ቆመው አገኛቸው። ፊቱን ሲያዩ ደነገጡ።

«ኧረ አትብገን ልጄ! እኔ ለሰዉ ሁሉ ነግሬልሃለሁ። ኃይለየሱስ የመረጠው አይበላሽም፣ መብራቱ ነው ያቃጠለው አልኩ። አንዱ ባለጌ ‹የማያውቀውን ነው የመረጠልዎት› ቢለኝ ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ ብዬ አባረርኩት።»

ኃይለየሱስ እሳቸው ላይ ጮኾ አያውቅም ነበር። ያን ቀን ጮኸ።

«መብራቱ አይደለም እትዬ! እኔ ነኝ! ያባረሩትን ሰው ይጥሩት!»