የደጋ ፕሮፔለር በቆላ ሐይቅ

ልጅ ሳለሁ ነገር ቶሎ አይገባኝም ነበር። እናቴ «ይቺ ልጅ ስትሄድ የሰማችው ስትመለስ ነው የሚገባት» ትል ነበር፤ እውነቷን ነው። በደርግ ጊዜ፣ ዝዋይ ሳለን የሆነው ግን እስከ ዛሬም በደንብ ገብቶኛል ለማለት አልደፍርም።

አባቴ መካኒክ ነበር። ሙያውን ናዝሬት ጋራዥ ውስጥ ተምሮ፣ የዝዋይ ዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሲቀጥረው እኛን ጠቅልሎ ይዞን መጣ። የእናቴ አባት አባባ ቱፋም አብረውን ይኖሩ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው፣ ዓይናቸው ሲደክም መሪውን ትተው አማቻቸው ቤት የተጠጉ ሰው ናቸው። የአማች ቤት እንጀራ እንደሚተናነቃቸው ልጅም ብሆን ይታየኝ ነበር። ወጥ ሲጨመርላቸው «ጠግቤያለሁ» ይላሉ፤ አባቴ ሲገባ ብድግ ይላሉ፤ እሱም «ኧረ በእግዜር ይቀመጡ» ይላል። ሁለቱም አንቱ ይባባላሉ። አባቴ ስለ ሥራው ሲያወራ እሳቸው አንዲት ቃል ጣል ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም፤ አማት የአማቹን ሙያ ማረሙ እሳቸው ባደጉበት አገር ነውር ነበርና።

ማታ ማታ የሐይቁ ቢምቢ ሲነሳ እናቴ ደጃፉ ላይ ኩበት ታጨሳለች። አባባ ቱፋ ከአሮጌ የመኪና ቸርኬ በተሠራችው የከሰል ምድጃ አጠገብ በርጩማቸውን ያስጠጋሉ፤ እኔ እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ በቆሎ እያገላበጥኩ፣ ከጭሱ የተነሳ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ተረት እሰማለሁ። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶን ፋኖስ ሥር መጽሐፍ ያነባል። ግማሽ ፊታቸው በፍሙ ቀልቶ፣ ግማሹ ጨለማ ውስጥ ሆኖ፣ አማርኛውን ከኦሮምኛው እየቀላቀሉ ሲተርቱ የትኛው የሆነ፣ የትኛው የተፈጠረ እንደሆነ መለየት ያቅተኝ ነበር። አህያም ታወራለች፣ መኪናም ታወራለች።

ያን ዓመት ለማኅበሩ ከባሕር ማዶ የሞተር ጀልባ ተለገሰለት። ከሐይቁ ደሴቶች የሚመጣው ዓሣ ፀሐይ ሳያበላሸው እንዲደርስ ነበር የታሰበው። ጀልባዋ በአገሯ ባሕር ላይ ትበር ነበር አሉ። የእኛ ሐይቅ ላይ ግን አፍንጫዋን ሰቅላ፣ ቂጧን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ ትንፏቀቃለች። በታንኳ የሚቀዝፉት ሽማግሌዎች ሲቀድሟት ሕፃናቱ ያጨበጭቡ ነበር። የወረዳው ኃላፊ ግን አላጨበጨበም። አባቴን ጠርቶ «እስከ ቅዳሜ ካልተስተካከለች በአሻጥር ትጠየቃለህ» አለው። በእነዚያ ዓመታት አሻጥረኛ የተባለ ሰው ቤት ጎረቤት እሳት ሊጭር እንኳን አይመጣም ነበር። እናቴ ወሬውን ስትሰማ የያዘችውን ሰሃን ቀስ አድርጋ መሬት አስቀመጠችው፤ እኔም ሳይገባኝ ፈራሁ።

አባቴ ሞተሩን ፈታ፣ ካንዴላ ቀየረ፣ ካርቡራተሩን አጠበ። ሞተሩ ጤነኛ ነው። የቀረው ፕሮፔለሩ ነበር፤ ውሃ ውስጥ እየተሽከረከረ ጀልባዋን የሚገፋት ባለ ሦስት ክንፍ ብረት። ናዝሬት አንድ የብረታ ብረት ነጋዴ ጋ ሁለት ተገኝቷል፤ አንዱ ክንፉ በጣም የተጠመዘዘ፣ ሌላው ጥምዙ አነስ ያለ። የማኅበሩ ደብዳቤ የሚፈቅደው አንዱን ብቻ ነው። አባቴ ለእናቴ ሲያስረዳት ሰምቻለሁ፤ ነገሩ እንደ ብሎን ጥርስ ነው፣ ጥምዙ ከበዛ በአንድ ዙር ብዙ ያስኬዳል፣ ካነሰ ትንሽ። «ታዲያ ብዙ የሚያስኬደው ነዋ!» አለች እናቴ። እኔም በልቤ እንደዚያው አልኩ።

በዚያው ማታ ከጀልባዋ ጋር የመጣውን መጽሐፍ እያገላበጠ አንድ ቦታ ላይ ቆመና ለእናቴ ተረጎመላት። «ከባሕር በላይ ከፍ ባሉ አገሮች ሐይቅ ላይ ጥምዙ አነስ ያለው ይመረጥ ይላል።» ከዚያ ሳቀ። «ይኼ ለደጋ ሰው የተጻፈ ነው። እኛ እዚህ ቆላ ውስጥ በቢምቢ እየተበላን ምን ከፍታ አለን?» እናቴም ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። አስተማሪያችን ካርታ ላይ በዘንግ እያሳየን ያለንበት ቦታ ስምጥ ሸለቆ ነው፣ የሰመጠ ነው ብሎናል። የሰመጠ ነገር እንዴት ከፍ ይላል?

አባባ ቱፋ አልሳቁም። ፍሙን በቆርቆሮ ቆሰቆሱና «ነይ እስቲ ኢንተላ ኮ» ብለው፣ ልጄ ሲሉኝ እንዲህ ነበር የሚሉኝ፣ ተረት ጀመሩ።

አንዲት የአሰብ አህያ ነበረች አሉ። በጨው ሜዳው ላይ ርምጃዋ እንደ ፈረስ የረዘመ ነው። አንድ ቀን ጌታዋ ጭኖ ወደ ላይ አገር ይዟት ወጣ። አዋሽን አልፋ፣ መተሐራን አልፋ ዝዋይ ስትደርስ ትንፋሽ አጠራት። ጅብ መጣና «አይዞሽ፣ ርምጃሽን አስረዝሚ፣ ቶሎ ትደርሻለሽ» አላት። ብታስረዝም ጉልበቷ ከዳት፤ ጅቡም የሚፈልገው ይህንኑ ነበር። ጦጣ ዛፍ ላይ ሆና «እዚህ አገር አየሩ ስስ ነው፤ ርምጃሽን አሳጥሪና ቶሎ ቶሎ ተራመጂ» አለቻት። አህያይቱ...

«ዝዋይ እኮ ታች ነው» አልኩኝ አቋርጬ። «ቁልቁል እየወረደች ለምን ደከማት?»

«የት ቆመሽ ነው ታች የምትዪው?» አሉኝ። «ለአሰብ ሰው እኮ ዝዋይ ጣሪያ ነው።»

ግራ ገባኝ። ዝዋይ ታች ነው፣ ዝዋይ ጣሪያ ነው፤ አስተማሪው ሰመጠ ይላል፣ አባባ ወጣ ይላሉ። በማግስቱም ያችኑ አህያ አመጡ፤ ጅቡ ቀበሮ ሆነ እንጂ ሌላው ያው ነበር። በሦስተኛው ማታ ደግሞ ሲጀምሩ «ይኼን ሰማሁት እኮ!» ብዬ አኮረፍኩ። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቀጠሉ፤ «ርምጃሽን አሳጥሪ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ሊጮሁ ምንም አልቀራቸውም። አባቴ ዞር ብሎ በትሕትና «አባባ፣ ትንሽ ዝቅ ያድርጉልኝ፣ እያነበብኩ ነው» አላቸው። እሺ ብለው ዝም አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው «ገባሽ?» አሉኝ። በቆሎዬ እያረረብኝ ስለነበር «አዎ» አልኳቸው። የአባቴን ጀርባ ለረጅም ጊዜ ሲያዩ ቆዩና ወደ መኝታቸው ሄዱ።

አባቴ ናዝሬት ሄዶ በጣም የተጠመዘዘውን ይዞ መጣ።

ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ሰው ሞላ። ኃላፊው ባለበት አባቴ ሞተሩን አስነሳ። ጀልባዋ ከበፊቱም ባሰች፤ ሞተሩ እያቃሰተ፣ ጥቁር ጭስ እየተፋ ጥቂት ተጓዘና ግሎ ቀጥ አለ። አስጋሪዎቹ በታንኳ ጎትተው መለሷት። ከዚያ ሁለት ሰዎች አባቴን በግራና በቀኝ ይዘው «ለጥያቄ ነው» እያሉ ወሰዱት። እጁ ላይ ግራሶ ነበረ፤ ለመጥረግ ጨርቅ ሲፈልግ ነው የሄደው።

ቤት ስንገባ አባባ ቱፋ በርጩማቸው ላይ አልተቀመጡም፤ መሬት ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ሽማግሌ ሲያለቅስ ያን ጊዜ ነው ያየሁት። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሏት እናቴን። «መንገድ ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ። አሰብ ላይ የምትበር መኪና ሽቅብ ስትወጣ አየር ያጥራታል፤ ያኔ ማርሽ ትቀንሻለሽ እንጂ አትጨምሪም። የጀልባዋም ያው ነው፤ ጥምዙ ማርሿ ነው። አውቄ ነበር።»

«አውቀው ኖሮ ለምን አልነገሩትም?»

«ተርቼለት ነበር።»

እናቴ አየቻቸው። «ነገር በምሳሌ የሚባለው ቀን ሲኖር ነው እኮ፣ አባዬ» አለች፤ አልተቆጣችም፣ ግን ሁለት ቀን አላናገረቻቸውም።

ሰኞ ማለዳ አባባ ቱፋ በጣም የተጠመዘዘውን ብረት በጆንያ ተሸክመው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ለነጋዴው ምን ብለው እንዳስለወጡት አላውቅም፤ ሲመለሱ ግን ጋቢያቸው አልነበረም። አስጋሪዎቹን ለምነው አነስ ያለ ጥምዝ ያለውን አስገጠሙ። ኃላፊው እጁን አጣምሮ ቆሞ ያያል። ሞተሩ ተነሳ፤ ድምፁ ቀጠነ፤ ጀልባዋ ትንሽ አመነታችና ቂጧን ከውሃው አንስታ፣ አፍንጫዋን ዝቅ አድርጋ ሄደች። ባሕር ላይ እንደነበረችው በረረች አልልም፤ ግን ታንኳዎቹን ጥላቸው ሄደች። ሕፃናቱ ጮኹ። እኔ አልጮኽኩም። የዘገየ ነገር እንደ ብርድ ከእግሬ ጀምሮ እየወጣ ነበር፤ አህያይቱ፣ ርምጃዋ፣ ስሱ አየር።

ከጥቂት ቀን በኋላ አባቴን ለቀቁት። ይቅርታ ያለው የለም። የማኅበሩ ሰሌዳ ላይ የጀልባዋ ችግር «በሰፊው ሕዝብ ተሳትፎ» መፈታቱ ተለጥፎ ነበር። አባቴ ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ ገባና ከሁሉ አስቀድሞ የአማቱን ጉልበት ስሞ ተቀመጠ። ቀስ ብሎም «ለምን በቀጥታ አልነገሩኝም?» አላቸው። አልተቆጣም፤ የምር ግራ ገብቶት ነበር።

«ነግሬዎት ነበር እኮ፤ ሦስት ማታ» አሉ አባባ ቱፋ። «ልጅዎ ምስክር ናት።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። «ገብቶኛል ያልኩት ውሸቴን ነው» ብዬ አለቀስኩ። አባቴ ሳብ አድርጎ ጭኑ ላይ አስቀመጠኝና «አንቺ ምን አደረግሽ። ለእኔ ነበር የሚነገረው፤ እኔ ነኝ ዝቅ ያድርጉልኝ ያልኩት» አለኝ።

አድጌ፣ ተምሬ፣ የሰመጠ ሸለቆም ከባሕር በላይ ከፍ ብሎ ሊገኝ እንደሚችል ገብቶኛል። አንድ ሰው የልጁን ባል ከእስር ሊያድን የሚችል ቃል በአፉ ይዞ፣ ለነውር ብሎ በአህያ ቆዳ ጠቅልሎ ለሕፃን መስጠቱ ግን እስከ ዛሬ ግራ ያጋባኛል። አንዳንዴ እፈርድባቸዋለሁ፤ አንዳንዴ ደግሞ ሌላ ምን መንገድ ነበራቸው እላለሁ። የቀረልኝ አንድ ልማድ ነው። ሽማግሌ ለልጅ ተረት ሲጀምር ስሰማ፣ ልጁን ትቼ ጀርባውን ሰጥቶ የተቀመጠው ማን እንደሆነ እፈልጋለሁ።