የጸሐፊው ጌሾ

ያ ሞተር ብስክሌት ሁለት የፊት ጥርስና አንድ ወዳጅ አስከፍሎኛል። ለብሩ አላዝንም፤ ቡና የሚሸጥ ሰው ብር መልሶ ያገኛል።

የገዛነው ሦስት ሆነን ነው፣ ጎሬ ላይ ከአንድ ግሪክ፣ ግማሹ የዛገ። አንዱ እኔ ነኝ። ሁለተኛው አጥር የምንጋራው ጎረቤቴ፣ የመቱ ኬላ ጸሐፊ። ሦስተኛው ከቡሬ መጥቶ ከበታቻችን ጎጆ የቀለሰ፣ ጎመንና ቃሪያ አልምቶ የሚሸጥ ዝምተኛ ሰው። ሞተሩን ያስነሳው እሱ ነው። የተሰበረውን ዕቃ ቤቱ ወስዶ በማግስቱ ጠግኖ ያመጣዋል፤ እንዴት ብለን አንጠይቅም። በነጻ የሚሠራልህን ሰው መጠየቅ ኪሳራ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እኔ ግቢ ሞተሩን ፈታተን በላምባ እናጥባለን፤ ወሬያችንም ብረትና ጓሮ ነው። የዚያን ዕለት ጸሐፊው በወጣትነቱ ጠመንጃ ጠጋኝ ቤት ቀለህ ሲሞላ ባሩድ ቅንድቡን እንደበላው አወራ። እኔም ከብር አንጣሪ ቤት ለምን እንደተባረርኩ፣ ግማሹን ደብቄ፣ ነገርኳቸው። ሳቅን። ጸሐፊው ግን ወዲያው ወደ ሐዘኑ ተመለሰ፤ ለልጁ ሠርግ ጠጅ ያሰበው አሥራ ሁለት ግንድ ጌሾ አጥር ሥር እንደቆመ ደርቆበታል።

ወሬ ላስቀይር ብዬ ወደ ቡሬው ሰው ዞርኩ። ብረት የት ለመድክ አልኩት።

«ባባቴ ወናፍ ነዋ፣ ጋሼ» አለ፣ ጨዋታው አሙቆት። «ስናፋ ነው ያደግኩት።»

ቀጥቃጭ፣ አገሬው ቱምቱ የሚለው፣ መሆኑን መቱ ላይ ደፍሮ የሚናገር የለም። ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ያደርቃል ይባላል። ጸሐፊው ቀስ ብሎ ተነሳ።

«ባለፈው እሑድ ጌሾዬን አይተህ እንዴት ያምራል ብለሃል።»

«ብያለሁ፣ ጋሼ። ያምር ነበር።»

ጸሐፊው ከመፍቻዎቹ መሃል መዶሻ አንስቶ ፊቱ ላይ አሳረፈበት። አጥንት እንደዚያ ሲንኮሻኮሽ የማውቀው ቅርጫ ላይ ነው። ሰውየው ሲወድቅ ደረቱ ላይ ተቀምጦ የመዶሻውን እጀታ ግራ ዓይኑ ውስጥ ይጫን ጀመር።

ጌሾውን ማን እንዳደረቀ አውቃለሁ። ያጠብንበትን ላምባና የተቃጠለ ዘይት፣ የራሴን ጎመን እንዳያበላሽ ብዬ፣ ሁለት ወር ሙሉ በአጥሩ ላይ ወዲያ የደፋሁት እኔ ነኝ። ቢሆንም ትንሽ አመነታሁ። በዚያች ትንሽ ጊዜ ዓይኑ ፈሰሰ።

«ተወው፤ እኔ ነኝ፣ ላምባ ደፍቼበት ነው» ብዬ የጸሐፊውን ክንድ ያዝኩ። መዶሻው ወደ አፌ ዞረ። ጎረቤት ደርሶ እስኪያላቅቀን ደም እየዋጥኩ ያንኑ እደግም ነበር።

ሽማግሌ ሲቀመጥም ላምባውን ተናገርኩ። ላምባ ሲያበራ እንጂ ተክል ሲገድል አላየንም አሉ። የቡሬው ሰው ግን ቀጥቃጭነቱን በገዛ አፉ አምኗልና አገር እንዲለቅ ፈረዱ። ፊቱን በነጠላ ጠቅልሎ በሦስተኛው ቀን ሄደ። አልተሰናበተኝም።

ጎጆውና ጓሮው ለጸሐፊው በጌሾው ካሳ ተሰጡ። ሞተሩ እኔ ግቢ ቆሟል፤ የሚያስነሳው የለም።